ስለ ዓሣ ክትባት

በአዲስ ከተማ ክፍል፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ ያለው ምን አለሽ ተራ፣ ሌላው ሰው የጣለውን ዕቃ አንሥቶ መልሶ ለሥራ በማብቃት የታወቀ ስፍራ ነው። በዚያ ባዶ ጣሳ ኩራዝ ወይም መስፈሪያ ይሆናል፤ አሮጌ በርሜል ተቀዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ የተጣለ ብረትም እሳት ገብቶ መሣሪያ ሆኖ ይወጣል። የሰፈሩ ስም ራሱ የጥያቄ ቃል ነው። «ምን አለሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከክምሩ ውስጥ ተፈልጎ የሚሰጠው ነገር ብዙ ጊዜ አይታጣም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ዓሣ ማርባትም ለገበሬውና ለከተማው ነዋሪ እየተመከረ ነው። እንግዲህ በጓሮው ጥቂት ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለማርባት ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ምን አለሽ ተራ ቢወርድ፣ የውሃ መያዣ በርሜል፣ ቧንቧ፣ ወንፊት ሽቦና የመረብ ቁራጭ ፈልጎ በአንድ ጧት ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። ዕቃው ያገለገለ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ገዢው ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል፤ ስለ ምን ቢሉ፣ የተባይ መርዝ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደጋግሞ ቢታጠብ እንኳ የሚቀረው ጥቂት መርዝ ለዓሣ ሞት ሊበቃ ይችላል። ማሽተት ብቻ አያድንም።

ይህ ሰው በምን አለሽ ተራም ሆነ በመላው መርካቶ ዞሮ የማያገኘው አንድ ነገር ግን አለ። ይኸውም ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቅ ክትባት ነው። ለላም፣ ለበግ፣ ለዶሮና ለግመል ክትባት በአገር ውስጥ ይሠራል፤ ለዓሣ የሚሆነው ግን ገና ከገበያ አልደረሰም። ዓሣ እንደ ሌላው እንስሳ መታመሙን የሚያስብ ሰውም ጥቂት ነው።

በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ሰፊ ስፍራ አለው፤ የታመመው ከጤነኛው ይርቃል፤ የሞተውንም አሞራ ያነሣዋል፤ ስለዚህ በሽታው ከዓይን ይሰወራል። በኩሬና በበርሜል ግን ብዙ ዓሣ በጥቂት ውሃ ይጨናነቃል፤ የተረፈው መኖና ኩሱ ውሃውን ያበላሸዋል፤ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፤ እርስ በርሱም ሲጋፋ ቆዳው ይላጣል። በዚህ ጊዜ ቀድሞውንም በውሃው ውስጥ ተሰውሮ የኖረው ባክቴሪያ በር ያገኛል። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ቆዳውን ያቆስላል፣ ክንፉን ያበሰብሳል፣ ሆዱን በውሃ ይነፋዋል፣ ከውስጥም ያደማዋል። ኤድዋርድሲየላ ታርዳ የሚባለውም እስከ ጉበትና እስከ ኩላሊት ዘልቆ ይገባል። እነዚህ በሩቅ አገር ብቻ የሚወራባቸው ተውሳኮች አይደሉም። በባሕር ዳር በኩል ካለው ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ክፍል በተጠመዱ ዓሦች ላይ ሁለቱም መገኘታቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጧል። ከዚህም በቀር ሁለቱም በቁስል በኩል ወይም ካልበሰለ ምግብ ጋር ገብተው ሰውን ሊያሳምሙ ይችላሉ። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ መቅመስ ጨዋታ ለሚመስለው እንግዳ ይህ ሳይነገረው መቅረት አልነበረበትም።

ዓሣው መሞት ሲጀምር በባለቤቱ ላይ የሚመጣው ፈተና የታወቀ ነው። ለከብት ወይም ለሰው የተሠራ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ በውሃው ላይ መበተን መፍትሔ ይመስለዋል። ነገር ግን የታመመ ዓሣ መኖ አይበላምና ከመድኃኒቱ ወደ ሆዱ የሚገባው ጥቂቱ ነው። የቀረው በውሃው ውስጥ ሆኖ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ግን ተርፎ ይራባል፤ የመቋቋሙንም ምስጢር ለሌላ ወገን ባክቴሪያ፣ ሰውን ለሚያሳምመው ጭምር፣ ያቀብላል። ኩሬው በተቀየረ ጊዜ ውሃው ወደ አትክልት ማሳና ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ጓሮ የተበተነ መድኃኒት የአንድ ጓሮ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

ከዚህ መንገድ የተመለሰች አገር ኖርዌይ ናት። በ1987 እ.ኤ.አ. ለርባታ ዓሦቿ 50 ቶን የሚጠጋ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ፈጅታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በዘይት የተዋሐደ ክትባት፣ በተለይም ፉሩንኩሎሲስ በተባለው የባክቴሪያ በሽታ ላይ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ተስፋፋ፣ የሳልሞኑ ምርት በብዙ እጥፍ እያደገ ሳለ የመድኃኒቱ መጠን በዓመት ከ1 ቶን በታች እስከ መሆን ወርዷል። ይህን ያደረገው ሕግና ቁጥጥር ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በመድኃኒት ፈንታ የሚይዘው ነገር ስለ ተሰጠው ነው።

ክትባት የሚለው ቃል ለካህናት እንግዳ አይደለም። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ከዚያው ከአንዱ ሥር ይወጣል። የድሮው ሐኪም ክንድን በምላጭ ጭሮ መድኃኒቱን ሲያስገባ እንደሚጽፍ ሆኖ ስለ ታየ ቃሉ ወደ ሕክምና የተሻገረ ይመስላል። ዛሬ ካሉት የክትባት ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ ግን ይህ ስም በእውነት የሚገባው የዲ ኤን ኤ ክትባት ለሚባለው ነው፤ የሚሰጠው ነገር ራሱ ጽሕፈት ነውና።

የቀድሞው መንገድ ባክቴሪያውን አርብቶና ገድሎ፣ የሞተውን አካሉን ለዓሣው ሰውነት ማስተዋወቅ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ተመራማሪ የተገደለ ባክቴሪያ ከመኖ ጋር ለትራውት ዓሣ ሰጥቶ ከበሽታ እንደ ጠበቀው አሳየ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ የትራውትን አፍ በሚያቀላ የባክቴሪያ በሽታ ላይ የተሠራ ክትባት በአሜሪካ ለንግድ ተፈቀደ። የኖርዌይም ክትባት የዚሁ ወገን ነው። ሥራው ርካሽና የተፈተነ ስለ ሆነ ዛሬም አልተሻረም።

በአዲሱ መንገድ ባክቴሪያው ራሱ ከቶ አይሰጥም። የሕያዋን ሁሉ አካል የሚሠራበት ትእዛዝ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ነው። ሊቃውንቱ ከበሽታው ባክቴሪያ ጽሕፈት ውስጥ አንዱን ምዕራፍ፣ ይኸውም አንድ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ይመርጣሉ። ይህንንም ፕላስሚድ በሚባል የዲ ኤን ኤ ቀለበት ውስጥ ይጨምሩታል። ፕላስሚድ መጀመሪያ የተገኘው በባክቴሪያ ውስጥ ነው፤ የማያስፈልገው ከላዩ ተቆርጦ፣ የሚፈለገው ተቀጥሎበት ለሌላ አገልግሎት ይውላል፤ የምን አለሽ ተራ ባለ እጅ በጣሳው ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ቀለበቱ ጉዳት በማያደርስ ኢ. ኮላይ ውስጥ ገብቶ በማብላያ ጋን ይባዛል፤ ከዚያም ተጣርቶ ወጥቶ በዓሣው ጡንቻ ይወጋል። የጡንቻው ሕዋስ ጽሕፈቱን አንብቦ ፕሮቲኑን ራሱ ይሠራዋል። የሰውነቱ ጠባቂዎችም ይህን እንግዳ ነገር አይተው ይማራሉ፤ እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜ ቀድመው ያውቁታል።

ይህ ተረት አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአይጥ ጡንቻ የተወጋውን ዲ ኤን ኤ አንብቦ ፕሮቲን እንደሚሠራ ታየ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በትራውት ዓሣ ላይ የቫይረስ በሽታን መከላከሉ ተገለጠ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ካናዳ ለሳልሞን አይ ኤች ኤን በሚባለው የቫይረስ በሽታ ላይ የተሠራውን የዲ ኤን ኤ ክትባት ፈቀደች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የሳልሞንን የቆሽት በሽታ የሚከላከለውን ፈቀደ። ለሰው የሆነው የመጀመሪያው የዲ ኤን ኤ ክትባት በሕንድ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. ለኮቪድ የተፈቀደው ነው። እንግዲህ በዚህ ጥበብ ዓሣ ሰውን በአሥራ ስድስት ዓመት ቀድሞታል።

ስለ አዲስ ነገር ሲነገር ግን ሙሉውን መናገር ይገባል። ከላይ የተጠሩት ሁለቱም የዓሣ ክትባቶች የቫይረስ ናቸው። በዓሣ ባክቴሪያ ላይ የተሠሩት የዲ ኤን ኤ ክትባቶች ከሙከራ ቤት አልፈው እንደዚህ ያለ ስፍራ አልደረሱም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ቫይረስ ከጥንቱም በዓሣው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በዓሣው መሣሪያ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ጽሕፈቱ በዚያው ሕዋስ ሲነበብ የሚወጣው ፕሮቲን ከእውነተኛው ጋር አንድ ይሆናል። ባክቴሪያ ግን የራሱ መሣሪያ አለው፤ የእርሱ ፕሮቲን በዓሣ ሕዋስ ሲሠራ የስኳር ቅጥያ ይለጠፍበትና ወይም አጣጣፉ ይለወጥና፣ ጠባቂዎቹ የተማሩት መልክ ከጠላቱ መልክ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። የባክቴሪያው ወገንም ብዙ ነው፤ በአንድ ኩሬ ያለው ኤሮሞናስ በሌላው ኩሬ ካለው በልብሱ ይለያል፤ አንድ ምዕራፍ ለሁሉ አይበቃም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መርፌው ነው። አንድ ሳልሞን ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ እያንዳንዱን በመኪና መውጋት ያዋጣል። የአንድ ጣት ርዝመት ያላትን የቆሮሶ ጫጩት አንድ በአንድ ይዞ መውጋት ግን ከዓሣይቱ ዋጋ በላይ ድካም ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ክትባቱን በመኖ ውስጥ ለመስጠት ይደክማሉ። ጽሕፈቱ በሆድ ውስጥ እንዳይፈርስ ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚወጣ ኪቶሳን በሚባል ነገር የሚለብጡት አሉ፤ በቻይናም በቆሮሶ ላይ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰውን ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ የሚባለውን ባክቴሪያ ለመከላከል፣ ኃይሉ በተዳከመ ሳልሞኔላ ላይ ጭነው በአፍ የሰጡ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤታቸውን አሳትመዋል። መከላከሉ ታይቷል፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ክትባት በአንድና በሁለት ዓመት የኢትዮጵያን ዓሣ ያድናል ብሎ ለባለ ሥልጣን የሚነግር ሰው ቢኖር ያታልለዋል። ነገሩ ገና ያልበሰለ ስለ ሆነ የኢትዮጵያ ጉዳይ አይደለም የሚለውም ከዚያ ባልተናነሰ ይሳሳታል። የዚህ ጥበብ ዋጋ ከዓሣው በላይ ነውና። የተገደለ ክትባት ለመሥራት ለእያንዳንዱ በሽታ ሌላ ተውሳክ፣ አደገኛውንም ጭምር፣ በብዛት ማርባት ያስፈልጋል፤ የዲ ኤን ኤ ክትባት የሚሠራበት ጋንና ማጣሪያ ግን ለዓሣም፣ ለዶሮም፣ ለበግም አንድ ነው፤ የሚለወጠው ጽሕፈቱ ብቻ ነው። ደግሞም ዲ ኤን ኤ ከሕያው ክትባት ይልቅ ሙቀትን ስለሚታገሥ፣ መብራት በሚጠፋበትና የበረዶ ሣጥን በማይገኝበት ቆላ ያለው ጥቅም ግልጥ ነው። በአንድ ዓሣና በአንድ ባክቴሪያ የተማረ እጅ ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከፊደል አይጀምርም።

ገበሬው ዳቦ ሳይጠግብ ስለ ዓሣ ጽሕፈት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥም ከርባታ የሚገኘው የኢትዮጵያ ዓሣ ከሐይቅ ከሚጠመደው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከርባታ የተገኘው የውሃ እንስሳ ከሚጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል፤ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ ይታያል። በሽታን ሳይዘጋጁ መጠበቅ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጣ ከብት ጋር የገባው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ፣ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሕዝቡን ጨርሷል። ያው በሽታ ከብዙ ዘመን ክትባት በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ላይ መጥፋቱ ታውጇል። ለዚህም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙቀት የሚታገሥ ክትባት ተሸክመው በአፋር በረሃ የዞሩ፣ ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው የተማሩ ከታቢዎች ድርሻ አላቸው።

በቢሾፍቱ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የከብት ክትባት ሲሠራ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ የአፍሪቃ ኅብረት የእንስሳት ክትባት መመርመሪያ ማዕከልም በዚያው ከተማ ነው። በሰበታ ደግሞ የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ ምርምር ማዕከል አለ። አንዱ ከአዲስ አበባ በምሥራቅ ደቡብ፣ ሌላው በምዕራብ ደቡብ ነው። ክትባት መሥራት የሚያውቀው በአንዱ በኩል፣ ዓሣ የሚያውቀው በሌላው በኩል ተቀምጠዋል። እንዲህ ሲሆን «ምን አለሽ?» የሚለው ጥያቄ ለአገሪቱ ቢቀርብላት መልስ የላትም አይባልም፤ ያላትን በአንድ ስፍራ አላኖረችም እንጂ። አንድ ዓሣ፣ ቆሮሶን፣ አንድ በሽታ፣ ኤሮሞናስን፣ ተመርጦላቸው ሁለቱ በአንድ በጀት እንዲሠሩ ቢታዘዝ፣ በመጀመሪያ ከአገር ውስጥ ከተገኘው ባክቴሪያ የተገደለ ክትባት ሠርተው ለአርቢው ይሰጣሉ፤ የዲ ኤን ኤውንም ሙከራ ከጎኑ አድርገው በሰበታ ኩሬዎች ያነጻጽራሉ። የተገደለው ካሸነፈ ያሸንፍ፤ ገበሬው የሚፈልገው ዓሣው እንዲተርፍለት ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሕጉ መጥራት አለበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅም በቁጥር 655/2001 ወጥቶ በቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል። ፕላስሚዱ የሚባዛበት ባክቴሪያ ልውጠ ሕያው መሆኑ አያጠራጥርም። ክትባቱን የተወጋው ዓሣ ግን ልውጠ ሕያው ይባላል ወይስ አይባልም? ይህ ጥያቄ በአውሮፓም የሳልሞኑ ክትባት ሲፈቀድ ተነሥቶ መመርመር አስፈልጎታል። ዓሣው በኩሬ ሳለ ሊወሰን የሚገባውን ነገር ዓሣው ገበያ ከደረሰ በኋላ መከራከር ለአርቢውም ለሹሙም አይበጅም።

ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ወደ ካህናትም መምጣቱ አይቀርም። በዕለተ ሐሙስ ከውሃ የተፈጠረው ፍጥረት በሰው እጅ ተለወጠን? የሚል ምእመን ይኖራል፤ ይልቁንም ዐቢይ ጾም ገብቶ የዓሣ ፈላጊ በአዲስ አበባ በሚበዛበት ወራት። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሊቃውንት ክርክር ነውና እዚህ አይፈረድበትም። ስለ ክትባቱ ግን መልሱ እንዲህ ነው፤ ቀለበቱ በተወጋው ጡንቻ ውስጥ እየተነበበ ይቆያል እንጂ በዓሣው ሕዋስ ውስጥ ራሱን አያባዛም፤ ከዓሣው ከራሱ ጽሕፈት ጋር የመቀላቀሉም ነገር እጅግ ጠባብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ወደ ዕንቁላሉ አልፎ ልጆቹን እንዲለውጥ ሆኖም አልተሠራም። ይህን በዐውደ ምሕረት በሁለት ቃል ሊያስረዳ የሚችል ካህን ካልተዘጋጀ፣ ወሬው በገበያ በሌላ መልክ ተነግሮ ያድራል። በጣና ዙሪያ ያሉ ገዳማትና አድባራት የዓሣውን ሕዝብ በቅርብ ስለሚያውቁት ለዚህ የተሻለ ቦታ አላቸው።

ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቅ ሥራ አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ጓሮ አሥር ዓሣ ሞቶ ቢያድር ባለቤቱ በየትኛው በር እንደሚያንኳኳ ሊያውቅ ይገባል። የሞተ ዓሣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚበሰብስ ሳይመረመር ከተጣለ ገዳዩ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ገዳዩ ካልታወቀ ደግሞ ከየትኛው ባክቴሪያ የትኛው ምዕራፍ እንደሚመረጥ የሚነግር የለም። ስለዚህ የእርሻ ሹሞች በየክፍለ ከተማው አንድ የበረዶ ሣጥንና አንድ መዝገብ የያዘ ሠራተኛ ቢያቆሙ፣ በመዝገቡም የዓሣው ወገን፣ የኩሬው ወይም የበርሜሉ ውሃ ሁኔታ፣ በመጨረሻው ሳምንት በውሃው ላይ የተበተነው መድኃኒት ስሙ ቢጻፍና ናሙናው በዚያው ቀን ወደ ሰበታ ቢላክ፣ ወጪው ከጥቂት በርሜል ዋጋ አይበልጥም።